የአክስቴ ልጅ ሎርና

እሑድ፣ ኦገስት 3

ሐኪሟ «ጻፊው» አለችኝ፤ «ለማንም ሳይሆን ለራስሽ።» በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ ብላ የምታዘኝ እሷ ብቻ ናት፤ እሷም በወር አንዴ፣ በስልክ፣ መጋረጃዬን ዘግቼ። እናም ይህን ደብተር ገዛሁ። ሽፋኑ ላይ በቀቀን አለበት። ሻጩ «ለልጅ ነው?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት። ይኸው፣ የመጀመሪያው ገጽ ሳይጻፍ አንድ ውሸት።

እንተዋወቅ፣ ደብተር። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ሃያ ሰባቱን ዓመት በስኳር ፋብሪካው የባቡር ስምሪት ክፍል ተቀምጬ፣ አገዳ የጫኑ አሥራ አንድ ባቡሮችን በሬዲዮ «ቁም»፣ «እለፍ» እያልኩ አሳልፌዋለሁ። በየሳምንቱ ደግሞ ምሳ ቤቱ በር ላይ የምትለጠፍ አንዲት ገጽ አለችኝ፤ «የሐዲድ ወሬ» ትባላለች። የማን ላም ሐዲድ ላይ እንደተኛች፣ ማን ሦስተኛ እንዳገባ፣ የማን ኬክ ምድጃ ውስጥ ሳይነፋ እንደቀረ። ሰው የምሳ ሳጥኑን ሳይከፍት እሷን ነው የሚያነበው። የአገሩን ጓዳ ሁሉ አውቃለሁ። የማላውቀው አንድ ነገር ነው፦ እነዚህ ሰዎች እኔን ቢያውቁ ምን እንደሚሉ።

እዚያ ክላይቭ ፔድሬቲ ነኝ። እዚህ ሎርና ነኝ። ስሙን ያወጣሁት ራሴ ነኝ፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ መኪና እየነዳሁ። ከሐኪሟ በቀር ከማንም አፍ ሰምቼው አላውቅም።

መሳቢያዬ ውስጥ አንድ ደብዳቤ አለ። ቡንዳበርግ፣ ሌላ ስኳር ፋብሪካ፣ የአንድ ቀን ሙሉ መንገድ ወደ ደቡብ፣ የስምሪት ሠራተኛ ይፈልጋሉ። እዚያ ክላይቭን ያየ የለም፤ ከመጀመሪያው ጠዋት ሎርና ሆኜ እገባለሁ። እስከ ኖቬምበር መጨረሻ መልስ ይጠብቃሉ፤ የእኛም የአገዳ ወቅት የሚያልቀው ያኔ ነው። ከሁለት አንዱ፦ ወይ እዚህ እናገራለሁ፣ ወይ ዝም ብዬ እሄዳለሁ።

በስሜ መጠራት የምፈልገው ግን በእነዚህ ሰዎች አፍ ነው። የማያውቀኝ ሰው ሎርና ቢለኝ ምን ይደንቃል?

ረቡዕ፣ ኦገስት 6

ሁለት ፉርጎ ከሐዲድ ወጣ፣ ድልድዩ ጋ። ሦስት ባቡር ቆሟል። አምስት ደቂቃ ነው ያለኝ።

ምሳ ሰዓት ቴሌቪዥኑ ላይ ጾታዋን የቀየረች ዋናተኛ አሳዩ። ኬቭ ብራናጋን፣ የፈረቃ አለቃችን፣ ደረቱም አፉም ሰፊ፦ «እኔም ነገ ሴት ነኝ ብዬ ልነሣና ሜዳሊያዬን ልውሰድ እንዴ!» አለ። ምሳ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ።

ከሁሉም አስበልጬ ሳቅኩ።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 12

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ዛሬ ወለም አለኝ።

መርል ስታብስ የላቦራቶሪው ጸሐፊ ናት፤ እውነተኛ ሥራዋ ግን እኛን መቁጠር ነው። የማን ስኒ የትኛው ምስማር ላይ እንደሚሰቀል፣ ማን ሻዩን ያለ ወተት እንደሚጠጣ፣ ለወቅቱ መዝጊያ ምሳ ስንት ሰሃን እንደሚያስፈልግ የምታውቀው እሷ ናት። ሻይ ስንጠጣ «ለዚህ ሳምንት ምን ወሬ አለህ?» አለችኝ። ምንም አልነበረኝም። የኬቭ ቀልድ ግን አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ድንገት፦

«ታውንስቪል ከተማ የአክስቴ ልጅ አለች» አልኩ። «ድሮ ወንድ ነበረች። ማለቴ... ሰው ወንድ ይላት ነበር። አሁን እንደ ሴትነቷ ነው የምትኖረው።»

ወንዝ ከመሻገር በፊት ዱላ ሰዶ ጥልቀቱን እንደ መለካት ነበር ሐሳቤ። መርል ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ስሟ ማን ነው?»

ስም አላዘጋጀሁም። ዓለም ላይ ስም ጠፍቶ ነው? ጁዲ አለ፣ ካረን አለ፣ ፓትሪሻ አለ። አፌ ግን «ሎርና» አለ።

«ሎርና» አለች መርል፣ አጣጥማ። «ሎርና። ጥሩ ስም ነው። ያምርባታል።»

«አይተሻት አታውቂም እኮ።»

«እሱስ እውነት ነው» አለችና ሻይዋን ማማሰል ጀመረች።

አንዴ እኔ፣ ሁለቴ መርል። ስሜ በዚያ ክፍል ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጠራ። ከሰዓት በኋላ ሰባት ቁጥር ባቡርን ወደ ተሳሳተ መስመር ልልከው ለጥቂት ነው የዳንኩት።

ዓርብ፣ ኦገስት 15

ደረሰ። በዚህ ፋብሪካ ወሬ ከባቡር ይፈጥናል፤ እኔ ካላወቅኩ ማን ያውቃል።

የዘጠኝ ቁጥሩ ነጂ፦ «ሰው የፈለገውን ቢሆን እኔ ምን አገባኝ፣ ብቻ ሚስቴ እንዳትሆን።»

ኬቭ፦ «ቤተሰብህ ጣጣው አያልቅም አንተ ፔድ!» ከፔድሬቲ አሳጥረው ፔድ ይሉኛል፣ ሁሉም። ጀርባዬን መታ አደረገኝ። መታ ማድረጉ መጥፎ ነበር ወይስ ጥሩ? ሁለት ሰዓት አሰብኩበት።

የሐዲድ ጥገና ቡድኑን የሚመራው አጎት ኢላይ ሞስቢ ደግሞ ከመስመር ላይ በሬዲዮ ጠራኝ። ከቶረስ ደሴቶች ነው፤ ፋብሪካው ሁሉ አጎት ይለዋል፣ አለቆቹ ሳይቀሩ። ሥራውን ሪፖርት አድርጎ ሲጨርስ «ስምሪት፣ ለሎርና ሰላም በልልኝ» አለ። አሥራ አንድ ባቡር እየሰማ!

ኬቭ ማይክሮፎኑን ነጠቀኝ። «በሬዲዮ ስም አይጠራም አጎት ኢላይ! ሕጉን ታውቃለህ!»

ሕጉ እውነት ነው። እኔ «ስምሪት» ነኝ፣ ነጂዎቹ ቁጥር ናቸው። ድሮ ሁለቱም ቢሊ የሚባሉ ነጂዎች ስማቸው ተምታቶ ባቡር ከባቡር ከተጋጨ ወዲህ ስም ክልክል ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይፈቀዳል። የመጨረሻው ጭነት ሲገባ ነጂው «መስመሩን ማን ይዘጋዋል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ስምሪት ላይ ያለው ሰው ሙሉ ስሙን ይናገራል፣ ነጂው ስሙን ይደግመዋል፣ ባቡሮቹ ሁሉ ጡሩምባቸውን ይነፋሉ። ከዚያ ስሙ በመስመር መዝገቡ ላይ ይጻፋል። መዝገቡ ላይ ክላይቭ ፔድሬቲ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አለ።

ጓደኛዬ ዴስ ግን። ዴስ ወሬውን ሲሰማ ሳንዱቹን ጨረሰ፣ ቢላዋውን ጠረገ፣ ወጣ።

እሑድ፣ ኦገስት 24

ከዴስ ጋር ዓሣ ማጥመድ ሄድን። ዴስ ኩርኖው፣ የስምንት ቁጥር ነጂ። እሱን መጻፍ ይከብደኛል፤ ስለሚያወራ ሰው መጻፍ ነው የለመድኩት።

አባቴ የሞተ ጊዜ ሰው ሁሉ ምግብና የሐዘን ካርድ ይዞ መጣ። ዴስ ቅዳሜ ጠዋት ባለ ሞተር ማጨጃውን ይዞ መጥቶ የግቢዬን ሣር አጨደ። «አይዞህ» እንኳ አላለኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜም፣ በሦስተኛውም። ሚስቴ ሻንጣዋን ይዛ የሄደች ጊዜም የቀሰቀሰኝ የዚያው ሞተር ድምፅ ነው። ሌላው ያለቅሳል፤ ዴስ ሣር ያጭዳል።

ዛሬ ጀልባዋ ላይ ሦስት ሰዓት ተቀመጥን። አንድ ባራሙንዲ ዓሣ እሱ፣ እኔ ምንም። በመጨረሻ ጨከንኩ።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«ስለምን?»

«ስለ ሎርና።»

መንጠቆውን አየ። «አላውቃትማ» አለ። «ያላወቅኳትን ምን እላለሁ?»

«ብታውቃትስ?»

«ያኔ አውቃታለሁ።»

ይኸው ነው። ይህን እንዴት ልፍታው? መንገዱን ሙሉ «ያኔ አውቃታለሁ» የሚለውን እየገለበጥኩ መጣሁ። ሰው ጠላቱንም ያውቀዋል።

ኬቭ ቢጠላኝ እችለዋለሁ። ዴስ ቢያፍርብኝ ግን ቡንዳበርግም አይበቃኝ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

የአክስቴ ልጅ ከእኔ ይልቅ ተወዳጅ ሆናለች። መርል በራሷ እጅ የሠራችውን የማንጎ ማርማላታ በጠርሙስ ሰጠችኝ፤ «ለሎርና» ብላ ወረቀት ለጥፋበታለች። ሎርናን ወክዬ በላሁት። ወረቀቱን ሳልቀድ አንሥቼ እዚህ ለጠፍኩት። የመርል ፊደል ክብ ክብ ነው።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 17

መርል፦ «ሎርና ቁመቷ ምን ያህል ነው?»

«እንደ እኔ።»

«እግሯስ?»

«እሱም... እንደ እኔ ነው። የቤተሰብ ነው።»

«ደግ» አለች። ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች ያገለገለ ልብስ ከሚሸጡበት ሱቅ በወረቀት ከረጢት ሳንዳል አመጣችልኝ። አረንጓዴ፣ አርባ ሦስት ቁጥር፣ ዘለበቱ ወርቅማ። «ይህን የሚያህል የሴት ሳንዳል በዓመት አንድ ቢመጣ ነው» አለች፤ «ለስድስት ሳምንት ከባንኮኒው ሥር ደብቄ አቆየሁላት።»

ደግ ሴት ናት መርል፤ የዋህ። ለማታውቃት ሴት ሳንዳል ትደብቃለች። እኔ ስለ ሎርና ካወራሁ ግን ገና አምስተኛ ሳምንቱ ነው፤ መቼም ዕድሜ ነው፣ መርልም መቁጠር ሊያቅታት ጀምሯል።

ልኬ ነው። ቤት ውስጥ ከምድጃው እስከ መኝታ ቤቱ ሄድኩበት፣ ተመለስኩበት።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 26

ኬቭ ምሳ ላይ፦ «እሺ፣ ያቺ የፔድ ዘመድ ለመዝጊያው ምሳ ብትመጣ የትኛው ሽንት ቤት ልትገባ ነው?»

መርል ራሷን እንኳ ሳታነሣ፦ «አንተ ገብተህ የወጣህበትን ያየ ሰው መቼም የወንዶቹን አይመርጥም።»

ሰው አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ኬቭም ሳቀ፣ ጆሮው ቀልቶ። ዴስ አልሳቀም። ሳህኑን አነሣና ጥግ ወዳለው ጠረጴዛ ሄደ። በኬቭ ቀልድ ተናዶ ነው ወይስ በእኛ ወሬ ሰልችቶ? ዴስን ማንበብ ጭጋግ ውስጥ የምልክት መብራት መፈለግ ነው።

ደግሞ «ለመዝጊያው ምሳ ብትመጣ» ማን አለ? ማንም ጠርቷት አያውቅም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 2

አሁን ተጠራች። አጎት ኢላይ ነው የጠራት። የጥገናውን ካርታ ሊያሳየኝ መጥቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እሱ ከተቀመጠ ታሪክ አለ ማለት ነው።

«በእኛ ደሴት» አለ፣ «ሰላ የምትባል ነበረች። ሲወልዷት ወንድ ልጅ ነው ብለው ነበር። መዝሙር ላይ ከሴቶቹ ጋር ስትቆም አንዱ ሽማግሌ ውጪ አላት። እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ጎኗ ሄዳ ቆመች። ከዚያ አክስቴ። ከዚያ ሴቶቹ በሙሉ። ሽማግሌው ብቻውን ቀረ!» እስኪያስለው ሳቀ። «ሰላ ከሞተች ወዲህ መዝሙሩ ድምፅ አጥቷል፣ ልጄ። እንዲያው ሰው ያላት ላይመስላት ስለሚችል ነው የምልህ። ለሎርና ንገራት። ትምጣ።»

«እነግራታለሁ» አልኩ።

ሲወጣ ትከሻዬን ጨበጥ አድርጎ ትንሽ አቆየው።

ለምን ያን ጊዜ አልተናገርኩም? ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሬዲዮው እንኳ ዝም ብሎ ነበር። ፈሪ። ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላኝ ፈሪ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 12

እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ እንግዲህ ልጻፍ።

በአክስቴ ልጅ ቀናሁ፣ ደብተር። አትሳቅብኝ። ሰው ሲጠይቀኝ አንድ አንድ ነገር እየጨመርኩላት አሁን ሙሉ ሰው ሆናለች። ቤቷ ከባሕሩ ዳር ነው፣ ደረጃው ላይ የአበባ ማሰሮ አለ። ችግኝ መሸጫ ውስጥ ትሠራለች። ጠዋት ጎረቤቷ ከአጥሩ ማዶ «ሎርና፣ ውሃውን ዝጊው፣ እየፈሰሰ ነው!» ይላታል፤ እሷም እየሮጠች ሄዳ ትዘጋለች። ምኞቴ ይኸው ነው። አበባም አይደለም፣ ባሕርም አይደለም። ሰው ሳይጠነቀቅ፣ ሳያስብበት፣ ስለ ውሃ ቧንቧ እንዲጮህብኝ ነው። በስሜ።

እኔ ግን ስሜን ለሌለች ሴት ሰጠኋት። አሁን ተነሥቼ «ሎርና እኔ ነኝ» ብል ምን ይላሉ? «ስንት ወር ሙሉ በውሸት ስትለካን ከረምክ፣ ማርማላታችንን በላህ» ይላሉ። ልክ ናቸው። ሰውን እንደ ወንዝ በዱላ ለካሁት፤ ዱላው እጄ ላይ ቀረ፣ እኔም እዚሁ ዳር ቀረሁ።

ሌላ ስም ላውጣ ብዬ አሰብኩ። ግማሽ ሰዓት ሞከርኩ። አልሆነም። ዘጠኝ ዓመት የለበስኩት ነው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

ዝናብ። ያለ ወቅቱ። አምስት ባቡር ጭቃ ላይ። ሬዲዮው እንደ ንብ ቀፎ።

አንድ ነገር ሆነ። ብቻዬን መኪና ስነዳ የምለማመደው ድምፅ አለ፤ ቀጠን ያለ፣ ከደረት ሳይሆን ከፍ ብሎ የሚወጣ። ዛሬ ስምንት ቁጥርና ሦስት ቁጥር ፊት ለፊት ሊገናኙ ሲሉ «ስምንት ቁም! ቁም!» ብዬ ስጮህ የወጣው እሱ ነው። ሳላዘው።

ሰከንዱን ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ከዚያ ዴስ፦ «ስምንት ሰምቷል። ቆሟል።»

ኬቭ፦ «ምነው ፔድ፣ ጉንፋን ያዘህ?» «አዎ» አልኩ። ሳልኩም። ሁለቴ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

መርል የመዝጊያ ምሳውን ዝርዝር ለጠፈች። ስም በአንድ በኩል፣ የሰሃን ቁጥር በሌላ በኩል። ባለ ሚስቶቹ ሁለት፣ ዴስ አንድ፣ አጎት ኢላይ ከእነ ቤተሰቡ ሰባት። የእኔ ደግሞ፦ «ክላይቭ እና ሎርና፣ አንድ።»

«መርል፣ ተሳስተሻል። ሁለት ሰው አንድ ሰሃን?»

መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ አየችኝ። ረጅም ጊዜ።

«ሰላሳ አንድ ዓመት ሰሃን ስቆጥር ተሳስቼ አላውቅም» አለች።

ስትሄድ በእርሳስ ሁለት አደረግኩት። ከሰዓት በኋላ ሳልፍ መልሳ አንድ አድርጋዋለች። ግትር ሆናለች እላለሁ። ምን ልበል ሌላ?

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ጉድ ፈላ። ከቡንዳበርግ ስለ ሥራው ሲደውሉ ስልኩን ያነሣው ኬቭ ነው። በሻይ ሰዓት ፋብሪካው ሁሉ አውቋል። መርል ስኒዬን ከምስማሩ አውርዳ ስታጥበው አየኋት፤ ንጹሕ ነበር እኮ።

ዴስ ከባቡሩ ወርዶ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ጓንቱን እንኳ አላወለቀም።

«ቡንዳበርግ» አለ።

«ገና አልወሰንኩም።»

«ሃያ ሰባት ዓመት። ከኬቭ አፍ ነው የምሰማው?»

«ልነግርህ ነበር።»

«ምኑን?»

አፌን ከፈትኩ። እምላለሁ፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። «የሥራውን ነገር» አልኩ።

«እሺ። የሥራውን ነገር ነገርከኝ።» ጓንቱን ጣት በጣት አወለቀ። ዴስ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። «እኔ፣ ሰው ራሱ ያልነገረኝን አልሰማም፣ ፔድ። በጎን አልሰማም። በወሬ ገጽም አልሰማም። እጠብቃለሁ። ሲነግረኝ እሰማለሁ። ሳይነግረኝ ከሄደ ግን...»

ወደ ባቡሩ ተመለሰ።

ምን ማለቱ ነው? ደክሞታል መሰለኝ። ወቅቱ ረዝሟል።

ምን ማለቱ ነው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 26

ነገ የመጨረሻው ጭነት ነው። ስምንት ቁጥር ነው የሚያመጣው። ተራው የሁለት ቁጥር ነበር፤ ዴስ ለመነና ለወጠ፤ ዴስ ሰው ለምኖ አያውቅም።

የቡንዳበርጉ ደብዳቤ ተፈርሞ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ጎኑ ሳንዳሉ። ሣሩን ሰኞ አስጨድኩት፣ ቤቱን ለሚከራየው ሰው እንዲያምር።

ሁለቱን አየሁ፣ አየሁ። መጥቼ ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ። ለነገ ያዘጋጀሁት ቃል የለኝም። ከነገሩ ሁሉ የሚያስፈራኝ ያ ዝምታ ነው፤ ስም ከተጠራ በኋላ፣ ነጂው ከመድገሙ በፊት ያለው። ዘንድሮ ስንት ሰከንድ ይሆናል?

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

አሁን ገባሁ፤ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ስምንት ቁጥር ከእኩለ ቀን በኋላ ገባ። አጎት ኢላይና ልጆቹ የባቡሩን ፊት በቅጠል አልብሰውታል። ባቡሮቹ ሁሉ በየቆሙበት ሞተር አጥፍተዋል፤ ልማዱ ነው። ኬቭ መዝገቡንና እስክሪብቶውን ይዞ ከኋላዬ ቆሟል። መርል በሩ ላይ።

«ስምሪት፣ ስምንት ነኝ። የመጨረሻው ጭነት ገብቷል። ከኋላዬ አገዳ የለም።»

«ስምንት፣ ተሰምቷል።»

«መስመሩን ማን ይዘጋዋል?»

ማይክሮፎኑን ተጫንኩት። የክላይቭ ድምፅ ለመውጣት ዝግጁ ነበር፣ ሃያ ሰባት ዓመት የሠራ ታማኝ ድምፅ። «ይቅርታ» አልኩት በልቤ። ከዚያ መኪናዬ ውስጥ በተለማመድኩት ድምፅ፦

«መስመሩን ሎርና ፔድሬቲ ትዘጋዋለች።»

ዝምታ። የግድግዳውን ሰዓት ሰማሁት። የኬቭን ትንፋሽ ሰማሁት። ማይክሮፎኑን መልሼ ይዤ «ቀልድ ነው» ልል ነበር፤ እግዜር ይይልኝ፣ ልል ነበር።

«ሰምቻለሁ» አለ ዴስ። ጉሮሮውን ጠረገ። «መስመሩን ሎርና ፔድሬቲ ዘግታዋለች። ሁላችሁም ሰምታችኋል።»

ነፋ። ረጅም። ከዚያ ሌሎቹ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከድልድዩ፣ ከየአገዳው ውስጥ። ቆጠርኩ፤ መርል አስተምራኛለች። አሥር። አራት ቁጥር አልነፋም። እሱንም እዚህ እጽፈዋለሁ፣ እንዳልረሳው።

ኬቭ መዝገቡን ከፊቴ አስቀመጠ። «የአክስት ልጅ» አለ። «ባሕር ዳር ቤት። የአበባ ማሰሮ። ይኼን ሁሉ ጊዜ የሌለ ሰው ሲወራልኝ ነበር ማለት ነው።»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ስለ ሽንት ቤት ስቀልድ።»

«አዎ።»

እስክሪብቶውን ከፍቶ ሰጠኝና ወጣ። በሩን ግን በቀስታ ነው የዘጋው። ምሳ ላይ ከሩቁ ጠረጴዛ ነበር የተቀመጠው። አንድ ጊዜ ሳየው አንገቱን ነቀነቀ፤ ወደ ላይ ይሁን ወደ ጎን አልለየሁትም።

መዝገቡ ላይ ጻፍኩት። ከአሥራ ዘጠኙ በታች።

መርል ሰሃን ሰጠችኝ። አንድ። ጥብሱ ላይ ጥብስ ከምራበት። «ስንት ጊዜ ልንገርሽ?» አለች፤ «ተሳስቼ አላውቅም።»

ዓርብ፣ ኖቬምበር 28

የዓመቱ የመጨረሻዋ «የሐዲድ ወሬ»፣ ዛሬ ጠዋት እንደለጠፍኳት፦ «የስምሪቷ ሠራተኛ የአክስት ልጅ ሎርና ከታውንስቪል ጓዟን ጠቅልላ ገብታለች። ከእንግዲህ እዚሁ ናት። ማርማላታ ያላችሁ እዚሁ አድርሱላት።»

የቡንዳበርጉን ደብዳቤ ቀደድኩት። ዴስ ግን ትናንት ምሳውን ሳይበላ ሄዷል። መርል «ተይው፣ ዴስ ነው» አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ «ተይው» የሚለውን ልከተል ሞከርኩ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 29

ጠዋት በሞተር ድምፅ ነቃሁ።

በመስኮት አየሁ። ዴስ ነው። ሣሬን እያጨደ ነው። ሣሩ ሰኞ የታጨደ ነው፤ የሚቆረጥ ነገር የለውም፤ ማጨጃው ባዶውን ነው የሚጮኸው። እሱ ግን ከአጥር እስከ አጥር፣ መስመር እየጠበቀ፣ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ ያጭዳል።

የማን ሐዘን እንደሆነ ገብቶኛል። እኔም እወደው ነበር፣ ክላይቭን። ደህና ሰው ነበር።

አረንጓዴውን ሳንዳል አጠለቅሁና ቀዝቃዛ ውሃ ይዤ ወጣሁ። ሞተሩን አጠፋው። ሳንዳሉን አየ፣ እኔን አየ፣ ውሃውን በአንድ ትንፋሽ ጠጣው።

«ፔድ የሚለውስ?» አለ። «እሱ ይቀራል?»

«እሱ ይቆይ።»

«ደህና።» ብርጭቆውን መለሰልኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ አትክልቱ አዙሮ ቆጣ አለ፦

«ሎርና፣ ያ ቧንቧሽ እኮ እየፈሰሰ ነው!»

እየሮጥኩ ሄጄ ዘጋሁት።